ምዕራፍ ስድስት፦ የአልበሙ ፎቶ ቪዲዮ ውስጥ ሲገባ

ደሴ ላይ ለሰርግም ሆነ ለሙት ዓመት ቪዲዮ «ፎቶ ሰብስቡ» ሲባል በፌስታል የሚመጣው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ከታች የአያት ጉርድ ፎቶ አለ፤ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላቀቀ፣ ማኅተሙ ግማሽ ጉንጭ የሸፈነ። ከሱ በላይ ሐይቅና ዘንባባ በተሳለበት የፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ሙሉ ቁመና የተነሱ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች። ቀጥሎ በሰማንያዎቹ የታጠቡ ባለ ቀለሞች፣ ጥጋቸው ላይ ብርቱካናማ ቀን የታተመባቸው። ከግድግዳ የወረደ ባለ መስታወት ፍሬምም አይጠፋም። በመጨረሻ ስልክ ይከፈትና ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከቤሩት በቴሌግራም የተላከው ይታያል። ቤተሰቡ የኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካ ባልደረቦች ተሰልፈው የተነሱት ፎቶ ይጨመራል።

ይህን ሁሉ የሚረከበው «ኮምፒዩተር የሚችለው» ልጅ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ፎቶዎቹን አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ በስልኩ ቶሎ ቶሎ አንስቶ፣ ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ መተግበሪያ ላይ ደርድሮ፣ ልብ እየበረረ የሚገባበት ማሸጋገሪያ ጨምሮበት ማታውኑ ይጨርሰዋል። ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል፦ እግር የሌላቸው አባቶች፣ ግንባራቸው የተቆረጠ ሙሽሮች፣ መሀላቸው ላይ የመብራት ነጸብራቅ ያረፈባቸው ፊቶች። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። ፎቶው ቪዲዮ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መመለስ የነበረበት አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ተመልካቹ ከዚህ ፎቶ ውስጥ የቱን ነው የሚያየው? ስካኑም፣ ቆረጣውም፣ ጽዳቱም፣ የእንቅስቃሴው ፍጥነትም ከዚህ መልስ ይወጣሉ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኮሊን ሎውና ዎልፍ ኮኒግ የተባሉ ሁለት የካናዳ ፊልም ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 «ሲቲ ኦፍ ጎልድ» የተባለ አጭር ፊልም ሲያወጡ፣ ሰው ወርቅ ፍለጋ ስለጎረፈባት ስለ ዳውሰን ከተማ የነበራቸው ዋና ማስረጃ የቆዩ ፎቶዎች ነበሩ። ካሜራቸውን በፎቶዎቹ ላይ እያንሸራሸሩ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየወሰዱ፣ ያልተንቀሳቀሰውን ከተማ ሰው የሚመላለስበት አስመሰሉት። ዛሬ የዚህ ዘዴ ስም የተያያዘው ከአሜሪካዊው ኬን በርንስ ጋር ነው፤ እሱ ግን «ሲቲ ኦፍ ጎልድ» መንገድ እንዳሳየው በግልጽ ይናገራል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 አይሙቪ ውስጥ ሲያስገባው በበርንስ ስም ጠራው፣ ከዚያ በኋላ ስልክ ያለው ሁሉ በአንድ ነካ የሚያዘው ነገር ሆነ። ችግሩም ከዚያ ጀመረ ማለት ይቻላል፤ በርንስ ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚወስነውን ማሽኑ ለሁሉም በደፈናው መወሰን ያዘ።

የወሰናችሁት እይታ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ከደሴ ራሷ አንድ ፎቶ እንውሰድ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችም እዚያው ሰፍረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመሣሪያ አጠገብ የሚታዩበት ፎቶ ዓለምን የዞረው በዚያን ሰሞን ነው። ፎቶውን መጀመሪያ ሙሉውን ካሳያችሁት ተመልካቹ የሚያየው ንጉሥ ነው። ከአፈሙዙ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊታቸው ብትሄዱ ግን በመጀመሪያ የሚያየው ጦርነት ነው፤ ንጉሡ የሚመጡት በኋላ ነው። ወረቀቱ ያው ነው፤ ታሪኩ ተለወጠ። የእናታችሁም ፎቶ እንዲሁ ነው፦ ከረከቦቱ ጀምሮ ወደ ፊት መውጣትና ከፊት ጀምሮ ወደ ረከቦቱ መውረድ ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ያለሱ አይሆንም። የተለመደው የቴሌቪዥን ምስል ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክሰል ነው። ፎቶ ቤት የሚያጥበው መደበኛ ፎቶ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ብታደርጉት 1800 በ1200 ፒክሰል አካባቢ ይወጣል፤ ማለትም የስክሪኑን ወርድ ለመሙላት እንኳ ትንሽ ይጎድለዋል። በ600 ካነሳችሁት 3600 በ2400 ገደማ ይሆናል፣ ግማሹ አካባቢ ድረስ ብትጠጉም ብዙ አይደበዝዝባችሁም። ጉርድ ፎቶ ላይ ስሌቱ ይከፋል። 3 በ4 ሳንቲ ሜትሩ በ300 ዲፒአይ ቁመቱ 470 ፒክሰል ገደማ ብቻ ነው፤ ስክሪን ሙሉ ሲዘረጋ ፊቱ ይሟሟል። ለጉርድ 1200 ዲፒአይ ጠይቁ፤ ያኔ ቁመቱ 1890 ገደማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ቁጥሩን በጨመራችሁ መጠን ፎቶው ይጠራል ማለት አይደለም፤ የጉርዱም 1200 ስክሪን ላይ ሲዘረጋ እንዳይሟሟ እንጂ አዲስ ዝርዝር እንዲያመጣ አይደለም። ተራ የታጠበ ወረቀት በራሱ የያዘው ዝርዝር ውሱን ነው፤ ከ600 በላይ ሲኬድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎላው የወረቀቱ ሸካራነትና አቧራው ነው። ስለዚህ ስካነር ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት የአልበሙን ኋላ ኪስና የፎቶ ቤቱን ፖስታ ፈትሹ፤ ነጋቲቩ እዚያ ተጣጥፎ ሊገኝ ይችላል። አንዷ የነጋቲቭ ክፋይ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ብትሆንም በ2400 ዲፒአይ ከ3400 በ2260 ፒክሰል በላይ ትሰጣለች፤ ወረቀቱ ላይ ጠፍቶ የነበረ የዓይን ብርሃን ከሷ ውስጥ ሲወጣ ማየት ያስደንቃል። ነጋቲቭ ስካን የሚያደርግ ቤት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በየመንገዱ አይገኝም፤ ግን ነጋቲቩን በነጭ የስልክ ስክሪን ላይ፣ ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በሌላ ስልክ አንስቶ ቀለሙን መገልበጥ ከምንም ይሻላል።

ቅርጹ ከጥራቱ ይበልጥ ያስቸግራል። ቴሌቪዥኑ 16 በ9 ነው፤ 10 በ15ቱ ፎቶ ጋደም ብሎ ሲሞላበት ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቆረጣል። የስልክ 4 በ3 ፎቶ ደግሞ ሩቡን ያጣል። ጋደም ያለው ፎቶ ላይ ይህ ይቻላል፣ ሰማዩን ወይም ምንጣፉን መስዋዕት ማድረግ ነው። የፎቶ ቤቱ የቁም ፎቶ ግን ስክሪኑን ካልሞላ ብላችሁ ከዘረጋችሁት ከሙሉ ምስሉ የሚታየው ከመቶ 40 እንኳ አይደርስም። በዚያ ፎቶ ላይ ደግሞ የሚቆረጥ ነገር የለም! ሰውዬው ያንን ቀን ጫማውን አስጠርጎ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ገንዘብ ከፍሎ የቆመው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲታይ ነው።

ኤዲተሮች ለዚህ የያዙት ዘዴ ያንኑ ፎቶ አደብዝዞ ግራና ቀኙን መሙላት ነው። እኔ አልወደውም። ዓይን በግድ ወደ ደበዘዘው ትልቅ ፊት ይሄዳል፣ ዋናው ሰውዬ ደግሞ በራሱ ጥላ መሀል ይጠብባል። ፎቶውን በሙሉ ቁመቱ መሀል ላይ ወይም ወደ አንድ ጎን አስቀምጣችሁ ሌላውን ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ብትተዉት ይከበራል፤ ባዶው ቦታም ስምና ዓመት ይይዝላችኋል። ሌላው ዘዴ ካሜራውን ከእግር ወደ ላይ በዝግታ ማውጣት ነው። ጫማው፣ የሱሪው መስመር፣ ሰዓቱ፣ በመጨረሻ ፊቱ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ወርዱ ቢያንስ 1920 ፒክሰል መሆን አለበት፤ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው የቁም ፎቶ 600 ዲፒአይ ይበቃዋል።

ስካነር ካልተገኘ ስልክ ይበቃል፤ አነሳሱ ግን ወግ አለው። ፍላሹ ይጥፋ። ፎቶው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይተኛ፣ ስልኩ ከላይ ትይዩ ይሁን፣ በጣም ሳይጠጋ ትንሽ ራቅ ብሎ ዙም ያድርግ፤ ሲጠጋ ጠርዞቹ ይቆለመማሉ። ብርሃኑን በተመለከተ ደሴ ዕድለኛ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም የለበሰበት ጠዋት ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም፣ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚወርድ ወረቀቱ ላይ አያብረቀርቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ፀሐዩ ስለሚከር በረንዳ ጥላ ውስጥ ግቡ። ነጸብራቅ አሁንም ካለ ከስልኩ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ዘርጉ፤ ወረቀቱ የሚያንጸባርቀው ከላዩ ያለውን ነገር ነውና፣ ከላዩ ጥቁር ካለ የሚያንጸባርቀው አይኖረውም።

መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ አትንቀሉ። እርጥበት ያጣበቀው ፎቶ ሲነቀል የሚቀረው ፊቱ መስታወቱ ላይ ነው፤ ከነመስታወቱ ጠርጋችሁ አንሱት። በሚያጣብቅ ገጽና በላስቲክ የተሸፈነው አልበምም እንዲሁ ተንኮለኛ ነው፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ፎቶውን ይዞ ይቀራል። የስፌት ክር ከጀርባው አስገብታችሁ ግራና ቀኝ በዝግታ በመጋዝ እንደሚቆረጥ ሳቡት፣ ካልላቀቀ ተዉትና ገጹን እንዳለ ስካን አድርጉ። ሸካራ ፊት ያላቸው የሰማንያዎቹ ፎቶዎች ስካነር ላይ ነጠብጣብ ያወጣሉ፤ አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ፣ ሌላ ጊዜ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሮ ስካን አድርጎ ሁለቱን ማደባለቅ ያቀልለዋል። ጀርባውንም አትርሱ። «ለማስታወሻ» ብለው የሚጀምሩት የእጅ ጽሑፎች፣ የተጻፈላቸው ሰው ስም፣ ቀኑ፣ ፊርማው ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይልቅ ያወራሉ። ጀርባውን አሳይቶ ከዚያ ፊቱን መግለጥ የማያረጅ ዘዴ ነው።

ቀለሙ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከሰባዎቹና ከሰማንያዎቹ ባለ ቀለም ፎቶዎች ብዙዎቹ ለምን ቀላ ብለው ይታያሉ? ወረቀቱ ላይ ሦስት ቀለማት ተደራርበው ነበር፤ ሰማያዊ ነክ፣ ሐምራዊ ነክና ቢጫ። በዚያን ዘመን ብዙ ወረቀቶች ላይ አልበም ውስጥ ጨለማ ላይ ተቀምጦም ቢሆን ቶሎ የሚከዳው ሰማያዊ ነኩ ነበር፤ እሱ ሲሄድ የቀሩት ሁለቱ ተደምረው ቀይ ይሰጣሉ። ስለዚህ ማረሚያው ቀይን መቀነስ ብቻ ሳይሆን የሄደውን መመለስ ነው፤ በፎቶሾፕም ሆነ በስልክ ስናፕሲድ ላይ ማጣቀሻ የሚሆናችሁ ነጠላው ነው። ነጠላው ነጭ ሲሆን አቁሙ።

ነጠላ ግን ችግርም ያመጣል። ሙሉ ነጭ የለበሰ ሰው ፊት ላይ ካሜራው ብርሃን ይቀንሳል፣ ፊቱ ይጠቁራል። በዚያ ላይ የዘመኑ ፊልምና የማጠቢያ ማሽን ሚዛን የተስተካከለው በነጭ ሴቶች ፊት ነበር፤ ኮዳክ ለየማጠቢያ ቤቱ የሚልከው የማመሳከሪያ ፎቶ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው ከመጀመሪያዋ ሞዴል ስም ነው። የእኛ ሰው በቡድን ፎቶ ላይ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሙሉ ፎቶውን አታድምቁት፣ ነጠላው ይቃጠላል። ፊቶቹን ብቻ መርጣችሁ መካከለኛውን ድምቀት ከፍ አድርጉ። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ ይገኛል።

አሁን የመጣው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ማጽጃ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ጭረት ያጠፋል፣ እውነት ነው። ግን የአያታችንን የአንገት ንቅሳት ያየው እንደሆነ ጭረት ይመስለዋል። ደርዝ በደርዝ የዞረውን ንቅሳት ጠርጎ ለስላሳ አንገት ሲሰጣችሁ ፎቶው «አማረ» ትላላችሁ፤ እህቷ ስታየው ግን «ይቺ ማን ናት?» ትላለች። የደበዘዘ ፊት ሲያጠራም የሚጨምረው ዓይንና ጥርስ ከየትም ያመጣው ነው። ጥቁርና ነጩን ባለ ቀለም ሲያደርግማ የቀሚሱን ጥበብ የፈለገውን ቀለም ይቀባዋል። ጭረቱንና የማኅተሙን ቀለም በእጅ፣ በማባዣ ብሩሽ ጠጋግኑ፤ ፊት ላይ ያለውን ግን ተዉት። ጉንጭ ላይ ያረፈ የቀበሌ ማኅተም ራሱ የዘመን ምስክር ነው ብዬ የማስቀርበት ጊዜ አለ።

ከውጭ ስለሚመጡት ፎቶዎች የምለው አጭር ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረዥሙን ጎን ወደ 1280 ፒክሰል አውርዶ ይጨምቀዋል፤ ይህ የቴሌቪዥኑን ወርድ እንኳ አይሞላም። የሚልክላችሁን ሰው «በፋይል ላክልኝ» በሉት። ስክሪንሹት የተደረገ፣ ከፌስቡክ የወረደ፣ ሦስት ቤት ዞሮ የመጣ ከሆነ የመጀመሪያውን ያነሳውን ሰው ፈልጉ።

እንቅስቃሴው ላይ የአብዛኛው ሰው ጥፋት ፍጥነት ነው። አንድ ፎቶ ከአምስት እስከ ሰባት ሰከንድ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ያለበት ደግሞ እስከ አሥር፤ ቤተሰብ የሚያየው እያንዳንዱን ፊት እየለየ፣ እየተጠራራ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከመቶ አምስት እስከ አሥር ማጉላት ይበቃል። የአራት ደቂቃ ዘፈን በስድስት ሰከንድ ሲካፈል 40 ፎቶ ነው፤ 150 ፎቶ የያዘ ፌስታል ለአንድ ዘፈን አይሆንም። መምረጥ ግድ ነው፣ መርጦ መተውም ያጣላል፣ ማንም እንዳይቀር የአጎት ልጆችን ቆጥሩ።

የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራው በፎቶው ላይ ሲንሸራሸር ጥልፉና ጥበቡ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስ አይታችሁ ይሆናል። የጥበቡ ክሮች ከስክሪኑ ፒክሰል ስለሚቀጥኑ እንቅስቃሴው አንዴ ያወጣቸዋል፣ አንዴ ይውጣቸዋል። ትልቅ ስካን ሲሆን ይብሳል። መፍትሔው ዓይን የማይለየው ትንሽ ማደብዘዝ ነው፤ ጥበቡ ላይ ብቻ፣ ፊቱን ሳይነካ።

ቅደም ተከተል የሚለውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ወሎ ይህን በሚገባ ታውቃለች። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ከቤተ መንግሥት የድግስና የምቾት ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ ነበር። የተራበው ልጅ፣ ቀጥሎ ድግሱ፤ ተራኪው ምንም ባይል ፍርዱ ከምስሎቹ መካከል ይወጣል። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የቤት ቪዲዮ ዙፋን አይገለብጥም፤ ግን የመጀመሪያዋን ሚስት ፎቶ ከሁለተኛዋ ሰርግ አጠገብ ብታደርጉት ማን ምን እንደሚያነብበት አስቡ። ሒጃብ ከማድረጓ በፊት የተነሳችውን ፎቶ የምትወስነውም እሷ ራሷ ናት፤ ሳትጠየቅ አይገባም።

ጽሑፍ ስትጨምሩ ዓመቱን ተጠንቀቁ። ጥጉ ላይ ያለው ብርቱካናማ ቀን የፈረንጅ ነው፤ 97 የሚለው የግንቦት ፎቶ 1989 ዓ.ም. ማለት ነው። የካሜራው ሰዓት ሳይሞላ የቀረበትም ብዙ ነው፣ የገና ዛፍ እያሳየ ሐምሌ የሚል አይታጣም። ፊደሉን በዩኒኮድ ጻፉ፤ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ሊነበብ የማይችል ምልክት ይሆናል። ቀጭን ፊደል ቴሌቪዥን ላይ ይጠፋል፣ ደፈር ያለውን ምረጡ፤ ጠርዝ ላይም አትለጥፉት፣ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ዳር ዳሩን ይቆርጣሉ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች ሥር በቆዩበት ጊዜ ብዙ ሰው አልበሙን ቤቱ ትቶ ወጥቷል፤ የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል። ስለዚህ ስካን የተደረገው ፋይል ሳይነካ፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይጸዳ ለብቻው ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ እቤት፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ዘንድ። ለቪዲዮ የምትቆርጡት ሁልጊዜ ቅጂውን ነው።

ሥራው ያለቀ ሲመስላችሁ ገና ነው። ረቂቁን ይዛችሁ ከቤተሰቡ ዕድሜ የጠገቡትን እናት አጠገብ ተቀመጡ። «እማማ፣ ከዳር የቆመችው ማን ነበረች?» ስትሏቸው ስም ብቻ አይነግሯችሁም፤ ፎቶው የተነሳው በሰርጉ ቀን ሳይሆን በመልሱ እንደሆነ፣ አጎትየው ያን ዓመት አሰብ እንደነበሩና ከዚህ መሀል ሊኖሩ እንደማይችሉ ይነግሯችኋል። ያንን አርሙ፣ ከዚያ ቪዲዮውን አውጡ። ለቴሌቪዥን በፍላሽ የሚሄድ ከሆነ ኤምፒ4 ይሁን፤ አብዛኛው ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ በሰከንድ 16 ሜጋቢት ከወጣ ይህ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ቪዲዮ ነው። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር አድርጉት፤ የግዕዝ ስም የማያነብ ቴሌቪዥን ሞልቷል። ፌስታሉንም ፎቶዎቹን ቆጥራችሁ ለባለቤቱ መልሱ።